የሚላኖው ሐኪም

ሽታዬ ካስመራ ይዛው የመጣችው ሀብት አንድ የሸራ ጫማና አንድ ጎዶሎ ተረከዝ ነው እያሉ የኮሶዬ ሴቶች ይስቁባት ነበር። አልተሳሳቱም። ሌላም ነገር ነበራት እንጂ፤ እሱን ግን ለማንም አላሳየችም። አንዲት ቃል ናት። እንደ ክታብ በልቧ ሰፍታ፣ ከማኪና ስትወርድም፣ ጓዟን በወንድሟ ደጅ ስታኖርም፣ እንዳትጠፋባት በከንፈሯ እየደጋገመች ነው ያመጣቻት።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ባሏ የጭነት ማኪና ረዳት ነበረ። እሷን አስመራ አድርሶ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ ቀረ፤ ገደሉ በላው። ልጅ የላት፣ በዚያ አገር ዘመድ የላት፣ ከአንዲት የጣልያን እመቤት ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ገባች። ሴንዮራዋ ክፉ አልነበረችም፤ ሆደ ባሻ ነበረች እንጂ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ፣ «ሚላኖ! ሚላኖ!» እያለች አገሯን ትጠራለች። ሽታዬም ከምድጃው ዳር ሆና የራሷን አገር በዜማ ትጠራለች። ሁለቱም አይደማመጡም፤ ግን አብረው ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን እግሯን ስትታጠብ ከተረከዟ ሥር ጥላሸት የመሰለ ነጥብ አየች። ከሰል የረገጠች መስሏት በድንጋይ ፈገፈገችው። አልለቀቀም። ከርሞ ሰፋ፤ ጠርዙ ተዥጎረጎረ፤ ኋላም ደማ። ይኼኔ ሴንዮራዋ እጇን ይዛ ካገሯ ልጅ ዘንድ ወሰደቻት፤ ጸጉሩ እንደ ባዘቶ የነጣ ሽማግሌ ሐኪም ነው። ተረከዟን እንደ ቂጣ ጠርዝ ገምሶ ጣለውና፣ ቁስሉ ሲጠግግ ጣቱን እያወዛወዘ ነገራት። ሽታዬ ስለ ሽንኩርትና ስለ ጨው ካልሆነ ስለ በሽታ ጣልያንኛ አታውቅም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ የያዘው «ኦኚ ትሬ ሜዚ» የሚለውን ነው፤ በየሦስት ወሩ ማለት ነው፤ ገባት። ደግሞ ሽማግሌው ሳይሰለች የደጋገማት አንዲት ቃል አለች። እሷን ከሴንዮራዋ አፍ ስንት ክረምት ሰምታታለች! ሚላኖ። እንግዲህ ይህ በሽታ የሚላኖ ሐኪም ነው የሚያውቀው፤ በየሦስት ወሩም እሱን ማየት አለብኝ አለች በልቧ።

በየሦስት ወሩም ሄደች። ሽማግሌው ብሽሽቷን በቀዝቃዛ ጣቱ ይጫናል፤ እንዳታፍር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም ይላል። ከዚያ፣ «ቤኔ» ይላል። ደኅና ነው ማለቱ ነው። ያቺ «ቤኔ» ለሦስት ወር ስንቅ ትሆናታለች።

በኋላ ግን ሴንዮራዋ የምትጠራው አገር ሰማትና ተሳፍራ ሄደች። ሐኪሙም ተከተላት። ታላቅ ወንድሟ አያ ባዬ፣ «አገርሽ እያለ ምነው ከሰው ደጅ ትከርሚያለሽ?» ብሎ ላከባት። መጣች።

የኮሶዬ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ሰዉ ግን ሸጋ ነበር፤ አፉ ብቻ ነው የማያርፍ። ሐምሌ ላይ ገብሱ ሊታረም ሴቶቹ ሲሰማሩ ሽታዬ በጫማዋ ገባች። የወንድሟ ሚስት አየለች ቀና ብላ አየቻት።

«እመቤት ጫሚት! ገብሱ እንዳይቆስልብን ነው በጫማ የሚታረም?»

«ሐኪሙ ነው ያለኝ፤ ጫማውን በእጁ እያሳየ፣ እግርሽን ሸፍኚ ብሎ።»

«እኛን ሐኪም ባያየን ነዋ፣ እግራችን ከነ አፈሩ የቀረ!»

ማሳው ሙሉ ሳቅ ሆነ። ሽታዬም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። በማግሥቱ ጫማዋን ከአልጋዋ ሥር ትታ ወጣች። ክረምቱን ሁሉ ጭቃውን በባዶ እግሯ ረገጠች። መስከረም ሲጠባ ደኅነኛው ተረከዟ ተሰነጠቀ። ጥቅምት ሲገባ ከብሽሽቷ ባቄላ የምታህል ነገር በእጇ ተዳሰሰች።

ያን ቀን ውኃ አልጠጣም አለች። አየለች ነገሩን ጎትታ ካወጣችባት በኋላ እጇን አወናጨፈች።

«ንፍፊት ነዋ! ተረከዝ ሲያለቅስ ብሽሽት ያብጣል። ቅቤ ለቅልቂውና ተኚ።»

«የኔ በሽታ እኮ አገር አለው፣ አየለች። የሚላኖ ሐኪም ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ሚላኖ ልትሄጂ ነው? በየት በኩል ነው? በደባርቅ ነው በጭልጋ?»

አያ ባዬ ግን የእህቱን ዓይን አይቶ አልሳቀም። «ቅዳሜ ጎንደር እወርዳለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለ። ስለ እግሯ ነው የሚያውቀው፤ የብሽሽቱን ነገር ለወንድም እንዴት ይነገራል።

ቅዳሜ ሳይነጋጋ ወጡ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ግን ለደከመ ልብ ቁልቁለትም ዳገት ነው። ወለቃ ሲደርሱ ሽታዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለገበያ ከተደረደሩ ሸክላዎች አጠገብ፣ ለራሷ ብቻ፣ እንዲህ አንጎራጎረች፦

እግሬ ቆሞ ቀረ፥ ተረከዜ ሄደ፤
ማን ይጠይቅልኝ፥ የት እንደ ወረደ።
አገሬስ ይኸውና፥ ሐኪሙን ማን ይስጠኝ፤
የዳነውን ቁስሌን፥ ዳነ ማን ይበለኝ።

«ተነሽ፣ እህቴ፤ ፀሐይ ሳትበረታ» አላት አያ ባዬ። ተነሣች።

ከገበያው አያ ባዬ የሚያውቀው ነጋዴ አለ፤ ሸሪፍ ይባላል፤ አቡጀዴ ይሸጣል፤ በጎንደር ከተማ የማያውቀው ሰው የለም።

«አያ ባዬ! እንኳን በደኅና መጣህ። እኒህስ?»

«እህቴ ናት። ሐኪም ፈልጋ ነው።»

«ሆስፒታሉ አለ አይደል?»

«እሱማ አለ። እሷ የሚላኖ ሰው ካልሆነ አያውቅልኝም ትላለች።»

ሸሪፍ መለኪያውን አስቀመጠ። «የሚላኖ ሰው? አለ እንጂ! ሙሴ ብሩኖ! ከአዘዞ መንገድ ዳር። ወላሂ፣ እታለም፣ እጁ መድኃኒት ነው። የኛን ሽማግሌ ሞቷል ብሎ ያልተወው ሰው አልነበረም። ሙሴ መጣ፤ ሆዱን ከፈተ፤ አንዲት ነገር ከውስጡ መዘዘ፤ በማግሥቱ እያጓራ ተነሣ!»

አያ ባዬ ተገረመ። «አባትህ እስከዚህ ታመው ነበር እንዴ?» ብሎ ሊጠይቅ ሲል ሌላ ገዢ መጣና ሸሪፍ ዘወር አለ። ሽታዬ ግን በቂዋን ሰምታለች። ካስመራ ወዲህ ልቧ ቀለል ሲላት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ከአዘዞ መንገድ ዳር ያገኙት ቤት የሐኪም ቤት ሽታ የለውም፤ የናፍጣ ነው። ከአንድ የጭነት ማኪና ሆድ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«ዶቶሬ?» አለች ሽታዬ።

እግሮቹ ተንፏቀቁ። ፊቱ በቅባት የጠቆረ፣ ቆብ ያጠለቀ ጣልያን ብቅ አለ። «ዶቶሬ? ሲ፣ ሲ! እኔ የማኪና ዶቶሬ!»

«የሸሪፍን አባት ያስነሡት እርስዎ ነዎት?» አለ አያ ባዬ፣ ባርኔጣውን እያነሣ።

«ሸሪፍ? ሽማግሌው ያውና!» ብሎ ሙሴ ብሩኖ ያንኑ አሮጌ ማኪና በጥፊ መታው። «ትላንት እንደገና ሞተ።»

አያ ባዬ ማኪናውን አየ። እህቱን አየ። «አይ ሸሪፍ! ለካ ሽማግሌው ማኪናህ ኖሯል!» አለ።

ሽታዬ ግን ከወለቀ ጎማ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ከወንድሟ ደጅ እስከዚህ ድረስ የተሸከማት ጉልበት ያን ጊዜ አለቀ። አላለቀሰችም እንኳ፤ ለማልቀስም አቅም ያሻል። ሻሿን አስተካክላ፣ ጫማዋን ፈትታ፣ የተገመሰውን ተረከዟን ለሰውየው አሳየችው።

«ማኪና ገጨ አንተን?» አላት ሙሴ። ስንት ዘመን ጎንደር ሲኖር ሴትን ከወንድ አልለየም።

«የለም። ሐኪም ነው የቆረጠው፤ አስመራ። ያገርዎ ልጅ ነው። የሚላኖ ሐኪም ነው የሚያውቀው አለኝ። እርስዎ ደግሞ የሚላኖ ነዎት አሉኝ።»

«ሲ! ሚላኖ!» ሰውየው ያገሩን ስም ሲጠራ ሴንዮራዋን መሰላት። «ግን እኔ ሞተር ነው የማውቅ። ምን አለ ሐኪሙ? አንተ ንገረኝ፣ እሱ እንዳለው።»

ሽታዬ ዓይኗን ጨፈነች። የሽማግሌውን ጣት አሰበች፤ መስኮቱን አሰበች። ያቺን በልቧ የሰፋቻትን ቃል፣ የምታውቀው እንደ መሰላት ሳይሆን እንደ ሰማቻት፣ አንድ በአንድ አወጣቻት። «ሜ... ላ... ኖ... ማ። ኦኚ ትሬ ሜዚ።»

ሙሴ ብሩኖ ቆቡን አወለቀ።

«ይህ አገር አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ የበሽታ ስም ነው፤ የነቀርሳ። እኛ ጋ ቃል ጭራው ‹ኦማ› ከሆነ ሰው ቆብ ያወልቃል።» እጁን በጨርቅ ጠረገና ቁልፍ አነሣ። «ና፣ ተነሥ። የሆስፒታሉን ሐኪም ማኪና እኔ ነኝ የማድን። ዛሬ እሱ ይክፈለኝ።»

የሆስፒታሉ ሐኪም ረጅም፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነው። አስተርጓሚው ሐብተ ማርያም የሚባል ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነው። ሙሴ ብሩኖ ያቺን ቃል በር ላይ ሲነግረው ሐኪሙ ሌላውን ሥራ ትቶ አስገባት። ተረከዟን በብርሃን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ብዙ ተናገረ።

«እውነቱን ልንገርሽ ይላል» አለ ሐብተ ማርያም። «የዚህ በሽታ ሊቅ አይደለሁም፤ በዕድሜዬም ያየሁት ጥቂት ነው ይላል። ሊቁ በዚህ አገር መኖሩንም አላውቅም ይላል። ግን የሚጠራጠር እጅ አለኝ፤ ከፈቀድሽ ብሽሽትሽን ልየው ይላል።»

«የሐኪሙ አገር ሚላኖ አይደለም ማለት ነው?»

«ኧረ የለም፣ እናቴ! ሌላ ባሕር ማዶ ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ተጋደመች። «እኔ ግድግዳውን ነው የማይ፤ አይዞሽ» የሚል የሐብተ ማርያም ድምፅ መጣ። ሐኪሙ እንደ ሽማግሌው ወደ መስኮት አላየም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ ባቄላዋን አገኛትና ቆመ።

«ያማል ወይ ይላል።»

«ያማል።»

«ማመሙ ሸጋ ነው ይላል።»

«ምነው? ማመም ሸጋ የሆነ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ንፍፊት ያማል፤ ያኛው ክፉው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚያድግ። ከዚያኛው እግርሽ ስንጥቅ የመጣ ይመስለኛል፤ ግን አልምልም ይላል። ስንጥቁን እጠቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ፣ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ተመለሺ። ከሟሸሸ ንፍፊት ነው። ከጠጠረ ይቆረጣል።»

የኮሶዬን ዳገት ያን ለት እንዴት እንደ ወጣችው አታውቅም። እነዚያን ሳምንታት ገብስ ሲታጨድ፣ ሲከመር፣ ሽታዬ በጫማዋ ነዶ ተሸከመች። እመቤት ጫሚት የሚል ነበረ፤ መልስ ለመስጠት ደክሟታል። እጇ ወደ ብሽሽቷ ሲሄድባት ትመልሰዋለች፤ ‹የሱ እጅ ይወቀው እንጂ የኔ እጅ ፈሪ ነው› ትላለች። አየለች አንድ ቀን ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አምጥታ እግሯን አጠበችላት።

ከኅዳር ሚካኤል ማግሥት ወንድሟ አውድማ ላይ ስለነበር ብቻዋን ወረደች። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ ፈለገ። ፈልጎ ፈልጎ ቆየ። ከዚያች ዝምታ የረዘመ ክረምት ሽታዬ አላየችም።

«ደኅና» አለ ሐኪሙ፣ ራሱ፣ በአማርኛ። ሐብተ ማርያም ሳያስተምረው አልቀረም።

ቤኔ አይደለችም። ግን እንደ እሷው ስንቅ ሆነቻት። ልብሷን አስተካክላ ተነሣችና ስትፈራው የኖረችውን ጠየቀች።

«እንግዲህ አለቀ? ወይስ ደግሞ ልምጣ?»

«በየሦስት ወሩ ትመጫለሽ ይላል። ቀጣዩ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምመላለስ? እሱስ አንድ ቀን አገሩ ይሄድ የለም ወይ? ሁሉም ሄዷል። ደግሞ ሌላ ልፈልግ ነው?»

ሐብተ ማርያም ተረጎመ። ሐኪሙ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ተናገረ፤ እጁን ወደ ሐብተ ማርያም አመለከተ፤ ወደ እግሯም አመለከተ። ሐብተ ማርያም ያን ሁሉ አሳጠረና፣

«እሱ ቢሄድ እኔ አለሁ፤ ተረካቢውን እኔ አሳይሻለሁ። እስከ መቼ ላልሽው ግን፣ እስካለሽ ነው ይላል» አላት።

እስካለሽ። ዳገቱን ስትወጣ ቃሏን እንደ ፊተኛይቱ በከንፈሯ ደጋገመቻት። አንድ ጊዜ ከብዳ ታደክማታለች፤ አንድ ጊዜ ትቀላለች። ወለቃ ላይ አረፈች፤ እንጉርጉሮ ግን አልመጣላትም። ጫማዋ ቆስሎ አፉን ከፍቷል፤ አላወለቀችውም።

ኮሶዬ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አየለች ከአጥሩ በር እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ መንገዱን ታያለች። የምትጠይቀውን አጥታ፣ ሰው ሁሉ ሰውን እንደሚጠይቀው ጠየቀቻት።

«ሽታዬ! አለሽ ወይ?»

ሽታዬ አጥሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አለሁ» አለች።