«ባለፊቱ ያውቃል?» ትል የነበረችው ምህረት

ዛሬ ጠዋት ልጄ ደውሎ «አባዬ፣ ምህረት ወደ ጌታ ሄደች» ሲለኝ «ሂድ፣ ውሸታም!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

በዕድሜዬ ስንቱን ሰው በቀልድ አስደንግጫለሁ። ዛሬ ተባብረው የተበቀሉኝ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ በአጥሩ ላይ ሳይ ግን እነምህረት ግቢ ድንኳን እየተተከለ ነው። በድንኳን ማንም አይቀልድም።

ለማታውቋት፦ ምህረት የጎረቤቴ ልጅ ናት። እዚሁ ሆሳዕና፣ ከአጥሬ ማዶ ነው ያደገችው። ሥራዋ ፎቶ ማፈላለግ ነበር። መጽሐፍ አታሚው፣ ማስታወቂያ ሠሪው «እንዲህ ያለ ፎቶ እፈልጋለሁ» ይላታል። እሷ ፎቶ ከሚሸጥባቸው ድረ ገጾች ለቅማ ታወጣለች፤ ማን እንዳነሳው፣ የት እንደተነሳ፣ የተነሳው ሰው መፍቀዱን አጣርታ ትልካለች። በዚህ እንጀራ ይበላል ብሎ ያመነ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። እኔማ ባየኋት ቁጥር «ዛሬስ ተገኘ? ወይስ ለፖሊስ እናመልክት?» እላት ነበር።

የጀመረችው በእንሰት ነው። አንድ ድረ ገጽ ላይ እዚሁ አጠገባችን ያለውን የሌሞ ወረዳ እንሰት «የሙዝ እርሻ» ብለው ለጥፈውት አየች። ስቃ ማለፍ ስትችል ጻፈችላቸው። አረሙት፤ ከዚያ ሌሎች ፎቶዎች ልከው «እነዚህንም እይልን» አሏት። አንዳንዱ ሥራ የሚያገኘው በዘመድ ነው፤ ምህረት በእንሰት አገኘች።

ፎቶ ባየች ቁጥር የምትላት ነገር ነበረቻት፦ «ባለፊቱ ያውቃል?» ፎቶው ላይ ፊቱ የሚታየው ሰው ማለቷ ነው። የልጅ ልጄን የሰርግ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስለጥፍ እንኳ የመጀመሪያዋ ኮሜንት የሷ ናት፦ «አባባ፣ ባለፊቷ ታውቃለች?»

አንድ ቀን ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

«አባባ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት?»

አየሁት። በወዳጄ በሄራሞ የፈረስ ጋሪ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ፤ ሄራሞ ልጓሙን ይዟል። መንገድ ላይ ያነሳን አንድ እንግዳ መሆን አለበት። ከሥሩ «ደስተኛ አርሶ አደር» ይላል። ዕድሜዬን በልብስ ስፌት መኪና የጨረስኩ ሰው!

«አይደለሁም። እኔ ከዚህ አምራለሁ።»

«አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ አይቀልዱ! ለመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ነው። ዛሬ ካልላክሁ ሌላ ያስገባሉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝቼ አላውቅም፤ ይሄ ካመለጠኝ እማዬ ‹በቃሽ፣ ቢሮ ግቢ› ማለቷ ነው።»

«እኔስ ፈቀድኩ። ፈረሱን ጠይቀሻል?»

ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ቆም ብላ አሰበች። «ልክ ነዎት፤ የሄራሞም ፊት ይታያል» ብላ ተነሳች።

እዚያው ፊቴ የመጽሐፉ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁ ለኔም ይሰማል። «ላኪው እንጂ! አንድ ባለ ጋሪ ነው፣ ዝም ይላል።»

«ዝምታ ፈቃድ አይደለም» ብላ ዘጋችው። የሚከፍላት ሰው ላይ! ቀልዴን ውጬ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ ተከተልኳት።

ጋሪ ማቆሚያው ስንደርስ ሄራሞ የለም። ሌሞ፣ ቤቱ ነው አሉን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጋሪ የወሰደን እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ከዚያ ምህረት ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ እኔ ከኋላ እየተንሸራተትኩ «የሽፋን ሰው እንዲህ አይደረግም!» እላታለሁ።

ሄራሞ ፎቶውን አገላብጦ አየና «እኔ ልውጣ፣ ፈረሴም ይውጣ። ይሄን ሽማግሌ ግን መቁረጥ አይቻልም?» አላት።

«አይቻልም፣ አንድ ላይ ናችሁ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል! የፈረሴንም ስም ጻፊ፤ ቦራ ይባላል።»

ጻፈች። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ላከች። አዘጋጁ ግን ሽፋኑን ለሌላ ፎቶ ሰጥቶት ቆይቷል።

ታለቅሳለች ብዬ የማጽናኛ ቀልድ ስፈልግ፣ እሷ «እሺ፣ የውስጥ ገጽ ስጡን!» እያለች ትከራከራለች። ሰጧት። እኔ፣ ሄራሞና ቦራ ያ መጽሐፍ ውስጥ በስማችን አለን። እኔ ጋ «ልብስ ሰፊ» ይላል። የፈለገ ከፍቶ ይይ።

ያ አዘጋጅ ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሲፈልግ ወደ ሆሳዕና ነበር የሚደውለው። «ሌላው ፎቶ ይልክልኛል፤ አንቺ ሰውዬውን ነው የምትልኪልኝ» ብሏታል። ሌሎቹም ተከትለው መጡ፣ የውጭ አገሮቹም ሳይቀሩ። ቢሮ ግቢ ስትባል የነበረችው የራሷን ቢሮ ከፍታ ሌሎች ቀጠረች! በዙሪያችን ወዳሉት ከተሞች፣ ጊምቢቹም ሞርሲቶም ስሄድ ራሴን የማስተዋውቀው «የፎቶዋ ልጅ ጎረቤት ነኝ» ብዬ ነው። ኮርቼባታለሁ። ፊት ለፊቷ ግን ትንሽ ቀንሼ ነበር የምነግራት፣ እንዳትለምድ።

ከላይ የምታዩትን ፎቶ ያን ቀን ሄራሞ በኔ ስልክ ነው ያነሳው። ምህረት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ትስቃለች። ግማሹን የቦራ ጆሮ ጋርዶታል። ልለጥፈው ወይ ብዬ ለሄራሞ ደወልኩ። «ለጥፈው፤ የቦራንም ስም ጻፍ» አለኝ።

ድንኳን ገብቼ ለእናቷ አሳየኋት። ዓይኗን ጠርጋ አየችው። «ይሄን ቀሚስ እርስዎ ነዎት የሰፉላት» አለችኝ። «ይውጣ፤ እየሳቀች ነው።»

ምህረት፣ ልጄ፦ እናትሽ ፈቅዳለች። ያነሳሽም ፈቅዷል። ያልጠየቅኳት ባለፊቷን ብቻ ነው። ዝምታ ፈቃድ እንዳልሆነ አልረሳሁም፤ ለዛሬ ብቻ እለፊኝ። ካልወደድሽውም እኔ ብዙ አልቆይም፣ ስመጣ በር ላይ ጠብቀሽ ተቆጪኝ። እስከዚያ ደህና ሁኚ፣ ኩራታችን።

በፎቶው ላይ፦ ምህረት፣ ፎቶ አፈላላጊ። ከጎኗ ቦራ፣ ጆሮው ብቻ።
ያነሳው፦ ሄራሞ፣ ባለ ጋሪ።
ቀሚሱን የሰፋው፦ እኔ።