ለልጅቷ ድምፅ የገዛነው ዲስክ

ዓረብ አገር፣ አል ቁዝ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የግል ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ድርጅቱ ያረጀ የዩኒክስ ኮምፒውተር ሊጥል ሲል ለምኜ ወሰድኩት። መረጃ የነበረባቸውን ዲስኮች አስቀርተው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ሥርዓት ያለበትን ትንሿን ዲስክ ብቻ ትተውልኝ ነበር። አል ተዓውን በሚባል ሰፈር ከአንዲት የወሎ ልጅ ጋር የምጋራው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። እሷ ሐታ በምትባል ሩቅ ከተማ በአሠሪዋ በማዳም ቤት ትሠራለች፤ የምትመጣው አርብ አርብ፣ ለእረፍቷ ነው።

አንድ አርብ ስልኳን ይዛ ገባች።

«ሞላ ይለኛል፣ እህቴ። የልጄን ድምፅ ላጥፋው እንዴ?»

ሴት ልጇን፣ አፏን ሳትፈታ፣ ለታላቅ እህቷ ትታ ነው የመጣችው።

«እንዳትነኪው!» አልኳት። እኔ የእናቴን ድምፅ የያዘ አንድም ቅጂ የለኝም። ከሞተች ወዲህ ስሜን እንዴት እንደምትጠራው ለማስታወስ ስሞክር ይጠፋብኛል።

ድምፆቹን ወደ ማሽኑ ልገለብጥላት አሰብኩ፤ ትንሿ ዲስክ ግን ቦታ የላትም፣ የራሱ ፋብሪካ ዲስክም ከገበያ ጠፍቷል። ሻርጃ ካለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የሌላ ፋብሪካ ዲስክ ገዛን። ስሰካው መሽከርከሩ ይሰማል፤ ማሽኑ ግን ዓይነቱን አላውቀውም አለ። የራሱን ዲስኮች ያውቃል፤ ለዚህኛው ግን መጠኑንና አከፋፈሉን እኔው ጽፌ መንገር ነበረብኝ።

«ሙሽኪላ አለው?» አለች አጠገቤ ቁጭ ብላ።

«ትንሽ ችግር አለው። ታገሺኝ።»

አንዱን ቁጥር ተሳስቼ ኖሮ እምቢ አለኝ። አስተካክዬ ደግሜ ሞከርኩ፤ ተቀበለ።

«ኸላስ፣ አለቀ!» አልኩና ድምፆቹን ሁሉ ገለበጥኩላት። በቀናቸው ቅደም ተከተል አድርጌም ከፈትኳቸው።

«እማ፣ ብልቱካን በላሁ» ትላለች ልጅቷ መጀመሪያ። እናትየው ሳቀች። ቀጥሎ ባለው ቅጂ ልጅቷ «ብርቱካን» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ሳቋ ተቋረጠ።

«መልሺው እስቲ። ‹ር› ማለት የጀመረችው መቼ ነው?»

መለስኩት። በሁለቱ ድምፆች መካከል ባዶ ጊዜ አለ። ማዳም ቤት እንግዳ በዝቶ፣ ሹግሉ፣ ሥራው፣ ከብዶባት፣ መደወል ያቃታት ጊዜ ነበር።

«አመለጠኝ» አለች። ብዙ አለቀሰች። ቀና ስትልም «ከእንግዲህ አልቆይም» አለችኝ።

ማዳም አልከለከለቻትም። ተተኪ እስኪገኝ ሠርታ፣ አገሯ ገባች። ልጅቷ መጀመሪያ ከአክስቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ አልቀርብም ብላት እንደነበር በስልክ ነገረችኝ። አሁን አብረው ነው የሚተኙት።

እኔ እዚሁ ነኝ። አርብ ሲመጣ፣ የአሳንሰሩ በር በተከፈተ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። በቀደም ስደውል ልጅቷ አንስታ «እማ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነው፣ ቆይተሽ ደውዪ» አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። መልሼ እስክደውል ቸኮልኩ።