ሆዱ ባዶ የስንዴ ክምር

የሮቤው ደጀኔ ሌባ አልነበረም። በአንድ የስንዴ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የመጋዘን ቁልፍ ይዞ ሲያረጅ፣ አንዲት ጣሳ እህል እንኳ ቤቱ አልገባችም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ አለቃ ፊት ሲቆም የሚሠራው አንገቱ ብቻ ነበር፣ እሱም ወደ ታች።

አለቃው ኃይለልዑል ደግሞ ጭብጨባ ነፍሱ ነው። ስንዴ በውድ ገዝቶ በርካሽ ሸጠና ከሰረ። «ከሰርኩ» ማለት ሞት ስለሆነበት፣ የተሸጠውን እህል መጋዘን ውስጥ እንዳለ አድርጎ አስመዘገበ። ባለአክሲዮኖቹም ትርፍ ተገኘ ሲባሉ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

ደጀኔ እንደታዘዘው ዳር ዳሩን ስንዴ ደረደረ፤ መሃሉን ባዶ ትቶ አፉን በአጣና ዘጋው፤ በላዩም ገለባ የሞሉ ጆንያዎች ጫነበት። ተረካቢውም፣ ቆጣሪውም፣ ፈራሚውም እሱ ነበርና ማን ይይበት? የቀድሞው ኦዲተር ክምሩን ከበር ላይ አይቶ ወደ ቁርጥ ቤት ይገሰግስ ነበር። ከመረመረ ሥጋውን ነው።

ዘንድሮ ጁሀራ የምትባል ወጣት ኦዲተር መጣች። ኃይለልዑል ጎባ ላይ ምሳ እንዳዘዘላት ቢነግራት፣ መጀመሪያ ልቁጠር አለችው። መሰላል ብትጠይቅ ደጀኔ ተሰብሯል አላት። ጫማዋን አውልቃ ጆንያውን እየቧጠጠች መውጣት ጀመረች።

አጣናው መንቀዙን ደጀኔ ያውቃል። የሚወደቅበት ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ኃይለልዑልም ያውቃል፤ ያ ጀግና ግን ስልኩን አውጥቶ ይነካካ ጀመር።

ጁሀራ ጫፉ ላይ ደርሳ አንድ እግሯን አነሳች።

«ልጄ፣ እንዳትረግጪው» አለ ደጀኔ። «ውስጡ ባዶ ነው።»

ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ማን አሠራው፣ ጋሼ?»

«እኔ ገና አሁን መስማቴ ነው» አለ ኃይለልዑል፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«እርስዎ አዘዙ፣ እኔ ከመርኩ» አለው ደጀኔ። «አብረን እንጠየቃለን።»

ከዚያም ክምሩን ተደግፎ ቆሞ፣ የት የት መርገጥ እንዳለባት እየነገረ አወረዳት።

ሁለቱም ተከሰሱ። ባለአክሲዮኖቹ አሁን ቁልፉን ለአንድ ሰው፣ ቆጠራውን ለሌላ ሰጥተዋል፤ ራሳቸውም በየተራ ክምሩ ላይ ይወጣሉ። ቀድሞ ይህን ቢያደርጉ ምን ነበረበት? የገዛ እህላቸውን ሄደው ለማየት ሰንፈው፣ የሰው ልጅ ልትሰበርላቸው ነበር።