ከታናሹ በኋላ የተወለደው ደብዳቤ

ነፃ ናት! እልል በሉ! «ምንም ጥፋት አልተገኘባትም» የሚለው ወረቀት ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ክብ ማኅተሙን እንደያዘ፣ በመሥሪያ ቤቷ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ነፃ የወጣችው የቡርቃ ጃቶ ሰፈሯ ድርቤ ናት። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ገቢ ደብዳቤ ስትመዘግብ ኖራለች። ሚኒስትርም ቢልከው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳትጽፍ ያሳለፈችው አንድም ወረቀት የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ቅዳሜ ገበያው ላይ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ባይኖርም አሥራ አንድ ሰው ቆሰለ። ከቆሰሉት አንዷ ሽንኩርት ልትገዛ የወጣችው ኬኔ ናት፤ የድርቤ የአጥር ጎረቤት፣ የዝማሬ ጓደኛዋ። ፍንጣሪው ጉልበቷን አገኘው።

ሰኞ ጠዋት ከበላይ መሥሪያ ቤት ያደታ የሚባል ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ቅዳሜ ገበያው ላይ ጥቃት ሊደርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ» ይላል። ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ያለፈው ማክሰኞ ነው።

«አዴ ድርቤ፣ እባክሽ በማክሰኞው መስመር መሃል አስገቢልኝ» አላት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«መዝገብ ሚኒባስ መሰለህ እንዴ? እዚህ ጠጋ ጠጋ በሉ አይባልም!» አለችና «ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። የበላዮቹ «ማክሰኞ ዕለት አስጠንቅቀናል» አሉ። የድርቤ አለቃ ኦቦ ሠርፀ ደግሞ «ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰ ነገር የለም» አለ። ሲካሰሱ ሰነበቱና በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ተኝቶ ነው የከረመው! ድርቤ ከሥራ ታገደች።

ሥራውስ ይሁን። አንጀቷን የበላው የኬኔ ነገር ነው። ኬኔ በምርኩዝ እየተደገፈች በደጇ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። «አውቃ ዝም አለች» ብላ ለሰው መናገሯንም ድርቤ ሰምታለች። በእኛ አገር ሰላምታ የተነፈገ ሰው ቆሞ እንደተቀበረ ነው። ድርቤ አራት ወር እንዲህ ኖረች።

ባለፈው ሳምንት ጫንያለው የሚባል መርማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ደብዳቤውን ከፊቷ ዘርግቶ፣ «ወይዘሮ ድርቤ፣ ይህን ለምን ስድስት ቀን አቆዩት?» አላት።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ቀኑን ተወው። ቁጥሩን እየው።»

«አራት መቶ አሥራ ሦስት፣ ዘንግ፣ አንድ» አለ፣ 413/1 የሚለውን እያነበበ።

«ዘንግ አንድ ምን ይሠራል? ቁጥር በተራ ነው የሚሰጠው። አሥራ ሦስትም አሥራ አራትም ለሌላ ደብዳቤ ተሰጥተው ካለቁ በኋላ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መሃል መግባት ለፈለገ ነው ዘንግ የሚሰጠው። ይህ ደብዳቤ ታናሹ ቀድሞት የተወለደ ነው!»

ጫንያለው ሳቀ። ሳቀና ወዲያው ተነሥቶ የበላዮቹን የወጪ መዝገብ አስወጣ። 413 የወንበር ግዢ ነው፤ 414 የስብሰባ ጥሪ። በሁለቱ መስመር መሃል፣ በቀጭን ጽሑፍ ተጨንቆ፣ የእኛው ማስጠንቀቂያ! ያደታም ተጠርቶ «እሑድ ከሰዓት ነው የተጻፈው፤ ሰኞ ነው የወሰድኩት» ብሎ ተናዘዘ። ከጥቃቱ በኋላ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ዛሬ ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ፣ በቀትር፣ የድርቤ በር በምርኩዝ ተንኳኳ።

«ድርቤ! አካም ቡልቴ?»

ድርቤ በሩን ከፈተችና እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ አሁን ነው እንዴት አደርሽ?»

«የዛሬን ማን ጠየቀሽ? የአራት ወሩን አዳር ነው» አለች ኬኔ። «አጥፍቻለሁ። በይ አሁን ደግፊኝ፣ ይህ እግር እንዳንቺ ግትር ሆኗል።»

ተቃቅፈው ገቡ። የቀረውን እነሱ ያውቃሉ፤ እኔ ጎረቤታቸው ግን መቀመጥ አልቻልኩም። አርጆ ያሉት የድርቤ እናት ገና አልሰሙም፣ ስልካቸውም አይሠራም። የምሥራቹን ላደርስላቸው የምሄድበት የአርጆ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ነው የቀረው፤ አንዱ እኔ ነኝ!