አራት ድምፅ

ልጎበኝ በገባሁበት የትምህርት ቤት ሙዚቃ ክፍል መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ክራሮች ላይ ነበር፤ በየክራሩ የአንድ ተማሪ ስም ተጽፏል።

የመካነ ሰላሙ የሙዚቃ መምህር አለምነው ክረምቱን ደሴ ሠልጥነው፣ የተማሪዎች የመዝሙር ቡድናቸውን በአራት ድምፅ ከፍሎ ማዘመር ተምረው ተመለሱ። ልጆቹ ግን አልጠበቋቸውም። መስከረም ላይ የመጣችው ፈርሂያ ብቻ ናት።

«ዘሊካስ?» አሏት መምህሩ።

«ጅዳ ገባች፣ ቲቸር።»

«አርዋም?»

«አብረው ነው የሄዱት። አብሽሩ፣ እኔ አለሁ።»

«ያንቺ ፓስፖርትስ መቼ ይደርሳል?»

ፈርሂያ አንገቷን ደፋች። «ለጥቅምት ብለውኛል።»

ድምፅ በአንድ ክረምት እንዲህ ከአገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መምህሩ የፈርሂያን ክራር አውርደው ክሮቹን አላሉና መልሰው ሰቀሉት።

«ለሚመጣው ክረምት ሁለተኛው ዙር ሥልጠና አለ» አሉኝ። ከዚያ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው በጭቃው መንገድ ሄዱ።