ዛሬስ ጠነከረ?

የእኛ አገር መሬት ለእህል እንጂ ለእግር የተፈጠረ አይመስለኝም። ከደነባ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ምስርና ጤፍ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ግን ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጫማን ከእግር ላይ አውልቆ ያስቀራል። እዚያ ተወልጄ አደግሁ። ብዙ ዓመት በየአገሩ መንገድ ሥራ ላይ ከዞርኩ በኋላ በገዛ መንደሬ አዲስ መንገድ ሲሠራ የሮለር ኦፕሬተር ሆኜ እዚያው ተመደብኩ። ማታ ማታ ከእናቴ ጋር ራት እየበላሁ መሥራት ስለቻልኩ ጓደኞቼ ዕድለኛ ነህ አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

እናቴ ያኔ ከግቢ መውጣት ትታ ነበር። ከጥቂት ክረምት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጭቃው አንሸራቶ ጣላትና ዳሌዋ ተሰበረ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታ ዳነች፤ በምርኩዝ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውን መሬት ግን ማመን አቃታት። በጋም ቢሆን በሩ ድረስ ትሄድና «ይሄ መሬት ተንኮለኛ ነው» ብላ ትመለሳለች። እኔና እህቴ በባጃጅ እንውሰድሽ ስንላት ባጃጁም ይገለበጣል ትለናለች። የምትጓጓው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲሱ መንገድ ሲያልቅ በእግሯ ሄዳ የማርያም ዕለት ቆማ ለማስቀደስ። ክንዴን ይዘሽ ትሄጃለሽ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን እንደ አለቃ ትከታተለው ጀመር። ማታ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ ጠነከረ?» ትለኛለች። ኖራ እየጨመርንበት መሆኑን የነገርኳት ቀን አላምን አለች።

«ኖራ ግድግዳ ይቀቡታል እንጂ መሬት ይበላዋል እንዴ?»

«ይበላዋል እማዬ። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ውሃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ጠባዩ አይረጋም። ኖራው ነው የሚያረጋው።»

«ለአባትህ ቢሰጡልኝ ኖሮ» አለችና ሳቀች። አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ቁጣውን ግን ለእኔ አውርሶኝ ነው የሄደው፤ ነገሩ ለሁለታችንም እንደሆነ ገብቶኛል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግሬደሩ መሬቱን ያርሳል። ኖራው በከረጢት ተደርድሮ እየተቀደደ ይበተናል፣ ማደባለቂያው ማሽን ከአፈሩ ጋር ይፈጨዋል፣ የውሃ ቦቴ እየተከተለ ያረጥበዋል። ከዚያ ተራው የእኔ ነው። መጀመሪያ ጥርስ ባለው ሮለር ከሥር ጀምሬ እጠቀጥቀዋለሁ፤ በመጨረሻ በለስላሳው እየተመላለስኩ እዘጋዋለሁ። አቧራው እጄንና ከንፈሬን ሰነጣጥቆት ስለነበር እናቴ ማታ ማታ ቫዝሊን ትቀባኝ ነበር። ትልቅ ሰው ነኝ ብላት አትሰማም።

ከተጠቀጠቀ በኋላ ያለው ነገር ነው ለሰው የማይገባው። ኖራውና አፈሩ እስኪያያዙ ድረስ መንገዱ ለሳምንት ያህል እርጥበት ሳይለየው፣ ሰውም ከብትም ሳይረግጠው መሰንበት አለበት። ሰው ደግሞ ለጥ ያለ መንገድ ካየ አለቀ ብሎ ነው የሚያስበው። በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ደርድረን እንዘጋለን፤ ዘወር ስንል አህያ የሚነዳበት ይመጣል። ታዲያ እጮኻለሁ። በጎረቤት ጮኼያለሁ፣ በቄስ ጮኼያለሁ፤ ጥላዋን ይዛ መሐል ለመሐል ስትመጣ ያየኋትን አክስቴን እንኳ አልማርኩም። መንደሩ «የሱ መንገድ» ብሎ ስም አወጣለት። ልጆች ከድንጋዩ ጥግ ቆመው አንድ እግራቸውን እየዘረጉ ያናድዱኛል።

የመጨረሻው ክፍል ከእኛ ሠፈር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ነበር። መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን አመሻሽ ላይ ጠቅጥቄ ጨረስኩት። ቤት ስገባ እናቴ ነጠላዋን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታው አገኘኋት።

«ዛሬስ ጠነከረ?»

«ገና ነው። የቀረው መሰንበቱ ብቻ ነው፤ ለማርያም ይደርሳል። ትንሽ ታገሺ።»

«እኔስ እታገሣለሁ፤ እሱ ይፍጠን» አለች። ራቷን በደንብ በላች፣ እጄን ቀባችኝ፣ ተኛች። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ሲነጋ ሻይ ይዛ የገባችው እህቴ ብትጠራት ብትነካካት አልነቃችም። በእንቅልፏ ነው የሄደችው።

ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት ሆነ። እድርተኛው ቃሬዛውን ተሸክሞ ከግቢያችን ወጣ፣ እኛ ቤተሰቦቿ ከኋላ ተከተልን። አዲሱ መንገድ አፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙ። ድንጋዩ እንደተደረደረ ነው። እኔ የደረደርኩት ድንጋይ ነው። በጎን ያለው ተለዋጭ መንገድ በሌሊቱ ዝናብ ቦክቶ፣ አንድ የጭነት አይሱዙ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሆዱ ተውጦ ቆሟል። የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ልጄ፣ በየት እንሂድ?» አሉኝ።

ሽማግሌው ከልባቸው ነበር የሚጠይቁኝ። በጎን ሂዱ ብላቸው ኖሮ ተሸካሚዎቹን ይዘው እዚያ ጭቃ ውስጥ ይገቡ ነበር። መንገዱን አየሁት። ዝናቡ የላይኛውን ገጽ አርጥቦ አለስልሶታል፤ ይህ ሁሉ ሰው ከረገጠው እንደሚበላሽ አውቃለሁ። ጭቃውንም አየሁት። እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ እንዲጥላት አልፈለግሁም። ሄጄ ድንጋዮቹን እየገፋሁ ወደ ቦዩ ከተትኳቸው።

«በዚህ እለፉ» አልኩ።

ዳኛው ጎንበስ ብለው የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አወለቁና በእጃቸው ያዙ። ማንም አላዘዛቸውም። ከዚያ ከአጠገባቸው የነበሩት አወለቁ፣ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ፣ ተሸካሚዎቹም እየተቀባበሉ በየተራ አወለቁ። ያ ስንት ጊዜ የጮኽኩበት ሕዝብ ሥራዬ እንዳይጎዳ ብሎ በባዶ እግሩ ሊሄድ ነው። ቃሬዛው መሐሉን ይዞ ሄደ፤ ሌላው ሰው ወደ ዳር ወደ ዳር ሆኖ ተከተለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ያኔ ግን አለቀስኩ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው ነው ያሻገሩኝ።

ከሠልስት በኋላ ሥራ ገባሁ። ፎርማኑ ስለ ድንጋዩም ስለ ምኑም አላነሳብኝም። ድምፁን ቀንሶ «የተረገጠው ክፍል እንደገና መታረስ አለበት። ሌላ ኦፕሬተር ላስመጣ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት፤ እኔው እሠራዋለሁ።

ግሬደሩ ከመምጣቱ በፊት ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ፀሐይ ስለመታው ዱካው ሁሉ ነጣ ብሎ ደርቋል። ዳር ዳሩን የሴቶችና የሽማግሌዎች እግር ይታያል፤ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። መሐል ላይ በግራና በቀኝ የተሸካሚዎቹ ዱካ ጠልቆ ሄዷል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ ግን ማንም አልረገጠውም፤ እኔ በሮለር እንደተውኩት ለስላሳ ነው። እናቴ ያለፈችው በዚያ ላይ ነው። ጥግ ጥጉን ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ ግሬደሩ መጥቶ ሁሉንም አረሰው።

አዲስ ኖራ ተበተነ፣ ውሃ ተረጨ፣ እኔም ጠቀጠቅሁት። ልክ እንደ በፊቱ ድንጋይ ደርድረን ዘጋን። በዚያ ሳምንት በማንም ላይ አልጮኽኩም፤ የሚጮኽበትም አልተገኘም። ሰዉ ገና ከሩቅ ይዞራል። ያ ባለ አህያ እንኳ እንስሶቹን እየጎተተ በማሳው ጠርዝ ሲያልፍ አየሁት። የማርያም ዕለት ደወሉን ከመንገዱ ዳር ተቀምጬ ሰማሁ።

ሳምንቱ ሲሞላ የመንገዱን ጥንካሬ ልትለካ ከላብራቶሪ የመጣችው ባለሙያ የብረት ዘንጓን እየመታች ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስትሄድ፣ እኔ ሞተር አስነስቼ ሮለሩ ላይ ሆኜ እጠብቅ ነበር። ልጅቷ አዲስ ናት፤ የማን መንደር እንደሆነ፣ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም። ጨርሳ ቀና አለችና «ጠንክሯል፤ መክፈት ትችላላችሁ» አለችኝ። ሞተሩን አጠፋሁና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ግራ ገብቷት መሰለኝ፣ «ጥሩ ነው እኮ፣ በደንብ ጠንክሯል» እያለች ደጋገመችልኝ።

ማታ ቤት ስገባ እህቴ ራት አቅርባ ትጠብቀኝ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ።