ስማቸውን የነገሩኝ እናት

«ወፍ ነው የምቆጥረው ብለሽኝ አልነበር? ለካ እኔንም ቆጥረሽኝ ኖሯል።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ እማማ ቡርቱካን ናቸው። በከተማችን ጫፍ፣ ቡሹሎ አካባቢ ሐይቁ ዳር ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙ፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት ናቸው። ያለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። እኔ አፌ የሚያዝ ሰው አይደለሁም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ያቆምሻል» ትለኛለች። የዚያን ቀን ግን አፌ አልጠቀመኝም። ሰው «የሚቆጭሽ ነገር አለ?» ቢለኝ የማትሪክ ውጤቴን አይደለም የምጠራው፤ ይህን ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ብዙ ሰው እንደወደቀው ወድቄ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ሐይቁ ዳር አስጎብኚ ልሁን ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሁሉም «ባጅ አለሽ?» ይለኛል። ባጅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። በመጨረሻ አንዷ አስጎብኚ «በየዓመቱ ጥር ላይ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ። በበጎ ፈቃድ ግቢና ሥሪ፤ በደንብ ከሠራሽ ባጁን የቆጠራው አዘጋጆች ይጨርሱልሻል» አለችኝ። ገባሁ።

ቆጠራው ጥር ላይ የሚሆነው ያኔ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የእኛ ሐይቆች ላይ ስለሚሰነብቱ ነው። እነሱ ጋ ውሃው በረዶ ሲሆን እኛ ጋ በጋ ነው። ይህን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ወፍ ሲባል ለእኔ ዓሣ ገበያው ውስጥ በሰው መሃል የሚንጎራደደው ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ ነበር።

ሁለት ሁለት ሆነን ተመደብን። እኔ የደረሰችኝ ሄለን የምትባል ልጅ ናት። እሷ ሦስት ዓመት ቆጥራለች። በሩቅ ማሳያ መነጽር እያየች ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

የደረሰን ዳርቻ ከአንድ ሪዞርት አጥር ይጀምርና እስከ ቡሹሎ ማሳዎች ይዘልቃል። በጠዋት ደረስን። የሪዞርቱ አጥር መሬት ላይ ማብቃት ሲገባው ሸምበቆውን ሰንጥቆ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«የዚህ ቦታ ባለቤት ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ደሞዝ ማን ነው የሚከፍልህ?»

«ደሞዙን አውቀዋለሁ። ሰውየውን አላውቀውም።»

ሄለን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ዞር አለች። እኔ ተናድጄ «ባለቤቱ አልታወቀም» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጫርኩ።

አጥሩን ዞረን ወደ ማሳዎቹ ስንደርስ እማማ ቡርቱካን ማጭድ ይዘው ከጎመኑ መሃል ብቅ አሉ።

«ምን ትለካላችሁ?» አሉን።

«አንለካም፣ እማማ። ወፍ ነው የምንቆጥረው።»

«ሜትሩን የት ደበቃችሁት?»

ሄለን ቦርሳዋን ከፍታ አሳየቻቸው። ዳቦና ውሃ ነው ያለው። እሳቸው ግን አላመኑም። እዚያ ሰፈር ወረቀት ይዞ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ከታየ የአንዱ መሬት ሊሄድ ነው ማለት ነው።

«ወፍ ለምን ይቆጠራል? ዶሮ ነው እንዴ፣ ማታ የጎደለው እንዲታወቅ?»

«እንደዚያው ነው» አለች ሄለን። «የጎደለው እንዲታወቅ ነው።»

«ተመልከቱ» አሉ እማማ ቡርቱካን፣ ማሳቸውን በማጭዳቸው እያሳዩን። «ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚች ናት። ትልቋ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ልትወስዱብኝ ከመጣችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

«ማርያምን! ከወፍ በቀር የምንቆጥረው የለም!» አልኳቸው።

እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ መማሌን አልወደዱትም። «አትማዪ» አሉኝ። «እውነት ከሆነ አዎ በይኝ። ይበቃኛል።»

«አዎ» አልኳቸው።

በቃ፣ በዚያ አመኑኝ። ማጭዱን መሬት ላይ አኖሩ። ሄለን መነጽሯን አውልቃ አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው። መጀመሪያ ሰማይ ሰማዩን አዩ፣ ቀጥሎ ውሃውን፤ ከዚያ በድንገት «ውይ!» አሉ። ጣቶቿ ከመርዘማቸው የተነሳ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመድ ወፍ አለች፤ እሷን አግኝተዋል። «ይቺን ዕድሜዬን ሁሉ አውቃታለሁ። እግሯን ግን እንዲህ አይቼው አላውቅም። ዳንቻ!» በሲዳምኛ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። መነጽሩን ለመመለስ አልቸኮሉም።

ከዚያ «የምትፈልጓቸው እነዚያ የፈረንጅ ዳክዬዎች እዚህ አይደሉም፣ ኑ» ብለው ጭቃ ለጭቃ ይዘውን ሄዱ። ከሸምበቆው ጀርባ ከዳር የማይታይ ኩሬ የመሰለ ውሃ አለ። ዳክዬዎቹ ጭንቅላታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረው እዚያ ሞልተው ተኝተዋል። ሄለን ሦስት ዓመት ስትመጣ አንድም ቀን አላየችውም። መነጽሩን ተቀብላ ሁለቴ ቆጠረቻቸው። የዚያን ቀን ከሁሉም ቡድን ብዙ ወፍ የመዘገብነው እኛ ነን። በእማማ ቡርቱካን ነው።

ልንሄድ ስንል «እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?» አልኳቸው። ከነአባታቸው ነገሩኝ። ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። ቅጹ ጀርባ አለው። «ወፎቹን የሚያሰጉ ነገሮች» ይልና ይዘረዝራል፦ መረብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ከብት፣ አጥር፣ እርሻ። ሥራው ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ግን ትምህርት ቤት «አብራሪ» ሲባል ገጽ ሙሉ የምጽፍ ተማሪ ነበርኩ። ባዶ ምልክት ሥራ አልመሰለኝም። ማታ ቤት ገብቼ አጥር ከሚለው ጎን «ሸምበቆው ውስጥ ገብቷል፣ ባለቤቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። እርሻ ከሚለው ጎን የእማማ ቡርቱካንን ስም ከነአባታቸው፣ ምን እንደሚያለሙ፣ ማሳቸው ከሸምበቆው በየት በኩል እንደሆነ በሚያምረው ጽሑፌ ደርድሬ አሰፈርኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። ክፉ አስቤ አይደለም። ጎበዝ እንድባል ነው። ባጁን ፈልጌ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ከተማችን ፒያሳ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። የቆጠራው አስተባባሪ የእኔን ቅጽ ፎቶ አንስቶ ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳየው። «መረጃ ማለት ይህ ነው!» አለ። ተጨበጨበልኝ። ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ባጁም ሰኔ ላይ ይደርስሻል ተባልኩ። እናቴ ምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቀለችው። እኔ በበኩሌ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ።

ግንቦት ላይ ሄለን ደወለች።

«አንቺ፣ የቡሹሎዋ ሴትዮ ደብዳቤ ደረሳቸው።»

«የምን ደብዳቤ?»

«ከማዘጋጃ ቤት፤ ከሐይቁ ዳር የተከልሽውን አንሺ የሚል። አሥራ አምስት ቀን ነው የሰጧቸው።»

«ሌሎቹስ? እዚያ የሚያርሰው ስንት ሰው ነው!»

«የሌሎቹ ስም ቅጹ ላይ የለማ። ማን ብለው ይጻፉላቸው?»

በሚያምረው ጽሑፌ የሞላሁት ገጽ ትዝ አለኝ። እሷ ቀጥላ «ምልክት አድርጉ ነው እኮ የተባልነው። ስም ጻፊ ማን አለሽ?» አለችኝ።

«አንቺስ ለምን አላስቆምሽኝም?»

«ቤትሽ ወስደሽ ነው የጻፍሽው። ግድግዳ ላይ ነው እኔም ያየሁት፤ ያኔ ደግሞ እያጨበጨቡልሽ ነበር።»

በማግስቱ አስተባባሪው ቢሮ ሄድኩ። በትሕትና ነው የተቀበለኝ፤ ወንበር ሳበልኝ።

«ዳርቻው ይጠበቅ የተባለው ድሮ ነው» አለኝ። «የወሰንሽው አንቺ አይደለሽም። ራስሽን አታስጨንቂ።»

«አጥሩስ? እሱንም ጽፌዋለሁ።»

ቅጹን ከፋይሉ አወጣና ገልብጦ አየው። «ባለቤቱ አልታወቀም ይላል።»

«ከተማው ሁሉ ያውቀዋል! እርስዎም ያውቁታል!»

«እኔ የማውቀው ሌላ፣ ቅጹ ላይ ያለው ሌላ።»

«እንግዲያው የእማማ ቡርቱካንንም ስም ይሰርዙልኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ እፈርማለሁ።»

«ደብዳቤው ወጥቷል። አሁን ብትሰርዢው ለእሳቸው የሚጠቅማቸው የለም፤ አንቺን ግን ይጎዳሻል። የተሳሳተ ቅጽ ላስገባ ሰው ደግሞ ባጅ አይሰጥም። አስቢበት።»

አላሰብኩበትም። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንስቼ «ስሙን የጻፍኩት ሳልታዘዝ ነው። ሴትየዋ ወፎቹን ያሳዩን እንጂ ያባረሩ አይደሉም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ባጁንም እዚያው ይክተቱት» ብዬው ወጣሁ።

ከዚያው በቀጥታ ባጃጅ ይዤ ቡሹሎ ወረድኩ።

እማማ ቡርቱካን ያልደረሰ ሽንኩርት እየነቀሉ ነበር። ጭንቅላቱ ገና የአውራ ጣት ያህል ነው። ግራና ቀኝ ባሉት ማሳዎች ላይ ሰዎች ሲኮተኩቱ አይቻለሁ፤ ቀረብ ስል ዶማቸውን ትተው አንድ በአንድ ሸምበቆው ውስጥ ገቡ። እሳቸው ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ የጠቀስኩትን ነገር ያሉኝ ያኔ ነው።

«አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቢሮ እንደሄድኩ፣ ወረቀት ጽፌ እንደፈረምኩ ብቻ ነገርኳቸው።

«አጥሩንስ ጽፈሽዋል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«የሰውየውን ስም?»

«ዘበኛው አላውቅም አለኝ።»

«ብልህ ሰው ነው» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ዳክዬዎቹ አሉ?» ብዬ የማይረባ ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ሄደዋል። ብርዱ ሲያልፍላቸው አገራቸው ገቡ» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ጎንበስ ብዬ አብሬ መንቀል ጀመርኩ። አልከለከሉኝም። አብረን አንድ ጆንያ ሞላን። ጆንያውን ሲያስሩ ቆዩና ቀና ሳይሉ ጀመሩ።

«ትናንት ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች መጥተው ነበር። የጎረቤቶችሽን ስም ንገሪን፣ ቀን እንጨምርልሻለን አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«አላውቃቸውም አልኳቸው። ሃያ ዓመት አብረን አርሰናል። ያችኛዋን የመጀመሪያ ልጇን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። አላውቃቸውም አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዋሸሁ።»

ሸምበቆው ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ተሰማን። እማማ ቡርቱካን ወደዚያ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አሁን ሂጂ፣ የኔ ልጅ። ከአንቺ ጋር ቆሜ ካዩኝ ስም የምሰጥሽ ይመስላቸዋል።»

እጄ ላይ የቀረውን ሽንኩርት ጆንያው ላይ አኖርኩ። ጭቃውን ከጫማዬ ሳላራግፍ፣ በማሳው ጠርዝ አድርጌ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።